በመኖሪያ መኪና ለሚጓዝ ሰው የኔትወርክ ማጉያ አመራረጥ

ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ትምህርት

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፥ ዓመቱን ሙሉ በመኪና ላይ በተሠራ ቤት እየኖሩ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወሩ ሰዎች አሉ። መኪናው መኝታ፥ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው ሲሆን በአገሩ ቋንቋ «አርቪ» ይባላል። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ገና በሥራ ላይ ያሉ ስለ ሆኑ እንጀራቸውን የሚያገኙት በስልክና በኢንተርኔት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የኔትወርክ መጥፋት የቢሮ በር እንደ መዘጋት ይቆጠራል። ስለዚህም «ቡስተር» ለሚባለው የኔትወርክ ማጉያ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 1000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፍላሉ።

ስለዚህ ዕቃ በዚህ ገጽ መጻፍ ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ በአሜሪካ በረጅም መንገድ የጭነት መኪና እየነዱ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች ስላልሆኑና ሌሊታቸውንም በመኪናው ውስጥ ስለሚያሳልፉ፥ ዕቃው ከእነርሱ ኑሮ ጋር ግንኙነት ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ማጉያውን ወደ አገራችን አምጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የዕቃውን ጠባይ እንዲያውቅ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በካርቶኑ ላይ ታላላቅ ቁጥሮች ለሚጻፉበት ለዚህ ዕቃ በተለይ የሚስማማ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በልብ ይያዝ። ማጉያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ዜሮን በሺህ ቢያባዙት ያው ዜሮ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ቃል የሚወጣ ነው።

የዕቃው አሠራር

ማጉያው አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከመኪናው ጣራ ላይ የሚቆመው የውጭ አንቴና ነው፤ ከስልክ ማማው የሚመጣውን ሞገድ ይቀበላል። ሁለተኛው ገመዱ ነው። ሦስተኛው በመኪናው ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራው ማጉያ ሣጥን ነው። አራተኛው ደግሞ የጎላውን ሞገድ በመኪናው ውስጥ ለስልኩ የሚያደርሰው የውስጥ አንቴና ነው። ስልኩ መልስ ሲሰጥም ሞገዱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ወደ ማማው ይሄዳል።

ይህ የመመለሻ መንገድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በበረሃ መካከል የቆመ ሰው የማማውን ድምፅ እየሰማ የእርሱ ስልክ ግን በኃይል ማነስ ምክንያት ሊሰማለት የማይችልበት ጊዜ አለ። ጥሩ ማጉያ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይህንኑ ደካማ መልስ እስከ ማማው ማድረስ ነው።

በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር

የማጉላት ዐቅም የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ በቀጥታ የሚቆጠር አይደለም፤ 3 ሲጨመር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨመር 10 እጥፍ፥ 20 ሲጨመር 100 እጥፍ ይሆናል። 50 ዴሲቤል ማለት እንግዲህ 100,000 እጥፍ ነው።

ከማማው የሚደርሰው ሞገድ ብርታት ደግሞ የሚነገረው «ዲቢኤም» በተባለ ልክ ሲሆን፥ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ -80 ጥሩ ነው፤ -105 ደካማ ነው፤ ወደ -120 ሲቀርብ ስልኩ ሊጠፋ ነው። በስልኩ ራስጌ የሚታዩት ትንንሽ ዘንጎች ግን መተማመኛ አይሆኑም፤ እያንዳንዱ የስልክ ሠሪ ዘንጎቹን እንደ ወደደ ስለሚመድባቸው፥ በአንዱ ስልክ ሦስት ዘንግ የሆነው በሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የዲቢኤሙን ቁጥር ማንበብ ይልመድ።

ሕግ ያበጀው ወሰን

ቀድሞ በአሜሪካ ማንም የፈለገውን ማጉያ ገዝቶ ይተክል ስለ ነበር፥ አንዳንዱ መሣሪያ የማማዎችን ሥራ እያወከ ለስልክ ኩባንያዎች ችግር ሆኖ ነበር። በዚህም ምክንያት የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን (ኤፍ ሲ ሲ) እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከመጋቢት 1 ቀን 2014 ጀምሮ ይህን ደንብ የማያሟላ የተጠቃሚ ማጉያ በአገሩ እንዳይሸጥ ተደረገ።

ደንቡ ለገዢው የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን ወሰነ።

1ኛ፤ የሁሉንም ኩባንያዎች ሞገድ የሚያጎላ ማጉያ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ የውስጥ አንቴና ይዞ ሲሠራ ከ50 ዴሲቤል እንዳያልፍ፤ ስልኩ በማስቀመጫው ላይ የሚጣበቅበት ዓይነት ከሆነ ከ23 እንዳያልፍ፤

2ኛ፤ በቆመ ስፍራ ብቻ የሚሠራው ማጉያ እንደ ሞገዱ መደብ ከ65 እስከ 72 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ፤

3ኛ፤ ተጠቃሚው መሣሪያውን በስልክ ኩባንያው ዘንድ እንዲያስመዘግብ፥ ሠሪው ከፈቀደው አንቴናና ገመድ በቀር ሌላ እንዳይጠቀም፥ አንቴናዎቹም ከሰው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲርቁ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕጉ ለሚንቀሳቀሰው ማጉያ ጣራውን በ50 ላይ ስላቆመው፥ ታዋቂ ሠሪዎች የሚያወጧቸው እንዲህ ያሉ ማጉያዎች ከዚህ ቁጥር ሊያልፉ አይችሉም። እንዲያውም ከዚያ የበለጠ ቁጥር ጽፎ በርካሽ የሚሸጥ ያልታወቀ ሠሪ ቢገኝ፥ ዕቃው ፈቃድ የሌለው መሆኑን ራሱ መስክሯል።

ከዚህ ወሰን የሚወጣው የአንድ ኩባንያን ሞገድ ብቻ የሚያጎላው ዓይነት ነው። ለምሳሌ ኔክስቲቪቲ የተባለው ድርጅት የሚሠራው «ሴል-ፋይ ጎ» በጉዞ ላይ እስከ 65፥ በቆመበት እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንዱን ኩባንያ ብቻ ነው። ባልና ሚስት በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ፥ አንደኛው ሲጠቀም ሌላው ተመልካች ይሆናል።

አንድ ስሌት

ቁጥሩ በሥራ ላይ ምን እንደሚሆን በምሳሌ እንመልከት። አንድ መንገደኛ በአሪዞና በረሃ መኪናውን አቁሟል እንበል። ከመኪናው ውጭ ሲለካ ሞገዱ -105 ነው፤ ግድግዳው 10 ዴሲቤል ቢቀንስበት በውስጥ -115 ይሆናል። የውጭ አንቴናው 4 ይጨምራል፤ ገመዱ 2 ይቀንሳል፤ ማጉያው 50 ይጨምራል። ስለዚህ በውስጥ አንቴናው አፍ ላይ የሚገኘው -53 ነው። ይህ እጅግ ብርቱ ሞገድ ነው።

ይሁን እንጂ ሞገዱ ከውስጥ አንቴናው ወጥቶ በአየር ላይ ሲሄድ ይደክማል። በ850 ሜጋኸርዝ መደብ በ1 ሜትር ርቀት ወደ 31፥ በ3 ሜትር ወደ 41፥ በ6 ሜትር ወደ 47 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። እንግዲህ ስልኩ በ1 ሜትር ላይ ቢቀመጥ -84፥ በ3 ሜትር -94፥ በ6 ሜትር -100 ያገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ በመኪናው ፊት አንቴናውን አስቀምጦ በኋላ አልጋው ላይ ሆኖ ስልክ የሚያነጋግር ሰው፥ ከከፈለበት ጥቅም አብዛኛውን በአየር ላይ በትኖታል። በዚሁ ሥፍራ ማጉያው ባይኖር -115 ነበረና ጥቅሙ ዜሮ ነው አይባልም፤ ነገር ግን 100,000 እጥፍ ተብሎ የተገዛው በ6 ሜትር ላይ 30 እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ ይገኛል። የውስጡ አንቴና ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጥ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሻጭ ይህን አስቀድሞ ለደንበኛው ቢነግረው፥ «ዕቃህ አይሠራም» ተብሎ ከሚመለስበት ወቀሳ ይድናል።

ስለ አንቴናዎች መራራቅ

በቤተ ክርስቲያን ወይም በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚወጣውን ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ሁሉም ያውቀዋል። ማይክሮፎኑ የድምፅ ማጉያውን ድምፅ መልሶ ስለሚሰማ ነው። የኔትወርክ ማጉያም እንደዚሁ ነው፤ የውጭው አንቴና የውስጡን ከሰማ መሣሪያው በራሱ ድምፅ ይታወራል። የአሜሪካው ደንብ እንዲህ ሲሆን ማጉያው ኃይሉን እንዲቀንስ ወይም ራሱን እንዲዘጋ ስለሚያስገድድ፥ ገዢው የሚያየው ፉጨት ሳይሆን «አልሠራም» የሚል ቀይ መብራት ነው።

የሚጎላው መጠን በበዛ ቁጥር የሚያስፈልገው ርቀት ይበዛል። በቆመ ስፍራ የሚሠሩት ባለ 65 ዴሲቤል ማጉያዎች ከመኪናው አጠገብ በሚተከል ረጅም ምሰሶ ላይ ወደ ማማው የሚያነጣጥር አንቴና ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። እነዚህ ለሳምንታት በአንድ ስፍራ ለሚሰፍር ሰው ይበልጣሉ፤ በየቀኑ ለሚጓዝ ሰው ግን ምሰሶ መትከልና መንቀል ድካም ነው፤ በጉዞ ላይም መሣሪያውን ማሠራት አይፈቀድም።

የመኪናው አካል የተሠራበት ነገርም ልዩነት ያመጣል። ኤርስትሪም እንደሚባሉት ያሉ የአሉሚኒየም መኪናዎች የውጭውን ሞገድ ይከለክላሉ፤ ባለቤቶቹም በዚህ ይማረራሉ። ነገር ግን ያው አሉሚኒየም ሁለቱን አንቴናዎች እንደ ግድግዳ ስለሚለያቸው ማጉያው በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ይረዳል። በፋይበርግላስ የተሠራው መኪና በተቃራኒው ሞገዱን ያሳልፋል፤ የአንቴናዎቹ መራራቅ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንድ አንቴና ከሥሩ ብረት ስለሚፈልግ፥ በፋይበርግላስ ጣራ ላይ የሚተከል መሆኑን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ገመዱን በሚመለከት አጭር ነገር እንበል። በ1900 ሜጋኸርዝ ቀጭኑ «አርጂ-58» ገመድ በ10 ሜትር ወደ 7 ዴሲቤል ያጠፋል፤ ይህም ከኃይሉ አምስት እጅ አራቱን ማለት ነው። ወፍራሙ «ኤልኤምአር-400» በዚያው ርዝመት የሚያጠፋው ወደ 2 ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ገመዱ የሚለወጠው ሠሪው በፈቀደው ዓይነት ብቻ መሆኑ አይዘንጋ።

ማጉያ የማይፈውሳቸው ችግሮች

በአሪዞና ኳርትዛይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በክረምታቸው ወራት ከብርድ የሚሸሹ ብዙ ሺህ የመኖሪያ መኪናዎች በዙሪያዋ ይሰፍራሉ። በዚያን ጊዜ ስልኩ ብርቱ ሞገድ እያሳየ ኢንተርኔቱ ግን ሊጎተት ይችላል፤ ምክንያቱም የማማው ዐቅም ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ነው። በበዓል ዋዜማ መርካቶ ወረፋ የያዘ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጮኽ ወረፋው አያጥርለትም። እንዲህ ላለው ችግር የሚሻለው የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሞገዱ መደብ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የተጠቃሚ ማጉያዎች የተሠሩት ለ700፥ ለ850፥ ለ1700ና 2100፥ እንዲሁም ለ1900 ሜጋኸርዝ ነው። ቲ-ሞባይል በገጠር የሚጠቀምበትን 600ን፥ የአምስተኛው ትውልድ ፈጣን ኔትወርክ የሚያልፍባቸውን 2500ና 3700ን ብዙዎቹ አይነኩም። ገዢው የስልክ ኩባንያው በሚሄድበት አገር የትኛውን መደብ እንደሚጠቀም ሳያውቅ ማጉያ ቢገዛ፥ ለበሬ የተሠራ ቀንበር በበቅሎ ላይ እንደ መጫን ይሆንበታል።

ሦስተኛው፥ ዘመናዊ ስልክና ራውተር በሁለት ወይም በአራት አንቴና በአንድ ጊዜ ስለሚቀበል ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ብዙዎቹ ማጉያዎች ግን ሁሉንም በአንድ የውጭ አንቴና በኩል ያሳልፋሉ። ስለዚህ ሞገዱ ደካማ ባልሆነበት ስፍራ ማጉያውን መክፈት ኢንተርኔቱን ከማፍጠን ይልቅ ሊያዘገየው ይችላል። ሥራው በቪዲዮ ስብሰባና ትልልቅ ፋይል በመላክ ላይ የቆመ ሰው፥ ባለ ብዙ አንቴና ራውተር ቢገዛ ገንዘቡ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ማማ ጨርሶ በሌለበት ምድር ደግሞ ማጉያውም ራውተሩም ዋጋ የላቸውም። ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ለመኖሪያ መኪናዎች የሳተላይት አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙ መንገደኞች ወደዚያ ዞረዋል። ሆኖም ሳተላይቱ ግልጽ ሰማይ ይፈልጋል፤ በጫካ ውስጥ ይቋረጣል፤ ከማጉያውም የበለጠ የባትሪ ኃይል ይበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይጨመር። በማጉያ በኩል ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር 911 ሲደወል የደዋዩ ስፍራ ላይታወቅ ወይም ተሳስቶ ሊታወቅ ስለሚችል፥ ይህ በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ደንቡ ያዝዛል። በመንገድ ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው የመንገዱን ቁጥርና የኪሎ ሜትሩን ወይም የማይሉን ምልክት በቃሉ መናገር ይኖርበታል።

ዕቃው ወደ አገራችን ቢመጣስ?

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ለገጠሩ ቤት ይጠቅማል» ብሎ ማጉያ በሻንጣው ሊይዝ ይችላል፤ አስመጪም ብዙ ቁጥር ሊያዝ ያስብ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት ከሚጠቀምባቸው መደቦች መካከል 900፥ 1800ና 2100 ሜጋኸርዝ ይገኛሉ። የአሜሪካው ማጉያ ለ900 አልተሠራም። ከዚህ የሚከፋው የመንገዶቹ መቃረን ነው። በአሜሪካ ከ1850 እስከ 1910 ሜጋኸርዝ ያለው ስልኩ ወደ ማማው የሚናገርበት ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ከ1805 እስከ 1880 ያለው ማማው ወደ ስልኩ የሚናገርበት ነው። ስለዚህ ከ1850 እስከ 1880 ባለው መካከል የአሜሪካው መሣሪያ የሚመጣውን እንደሚሄድ ቆጥሮ መልሶ ወደ ውጭ ሊረጨው ይችላል። ባለቤቱ አይጠቀምም፤ በአካባቢው ያለው ጎረቤት ግን ስልኩ ሊታወክበት ይችላል። ከጎረቤቱ አንዱ ሐኪም ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሊሆን እንደሚችል ሻጩ ያስብ።

የሕጉም ጉዳይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (እ.ኤ.አ. 2019) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ ማረጋገጫ ይሰጣል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ከመላኩና ገንዘብ ከማስተላለፉ በፊት የዕቃውን ሞዴልና የሞገድ መደብ ይዞ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። የአሜሪካ ኮሚሽን ፈቃድ በአሜሪካ እንጂ በሌላ አገር አያገለግልም። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ እንግሊዝ አገርም የተወሰኑ ማጉያዎችን ያለ ልዩ ፈቃድ ለመጠቀም የፈቀደችው በራሷ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ከመግዛት በፊት

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቃለላል።

ሀ) ከመኪናው ውጭ ሲለካ ሞገድ አለ ወይ? ጨርሶ ከሌለ ማጉያ አይገዛ።

ለ) ሞገዱ ብርቱ ሆኖ ኢንተርኔቱ ብቻ የሚጎተት ከሆነ፥ ችግሩ የሰው ብዛት ስለሚሆን ሌላ ሲም ካርድ ይሞከር።

ሐ) ሞገዱ ደካማ ሆኖ ካለ፥ ይኸውም ከ-100 እስከ -115 አካባቢ ከሆነ፥ ማጉያ ሙያውን የሚያሳየው እዚህ ነው።

መ) መንገደኛው በየቀኑ ይጓዛል ወይስ ለሳምንታት ይሰፍራል? ለመጀመሪያው ባለ 50 ዴሲቤሉ፥ ለሁለተኛው ባለ ምሰሶው ይሻላል።

ሠ) የስልክ ኩባንያው የሚጠቀምበት መደብ በዕቃው መግለጫ ላይ ተጽፏል ወይ?

ረ) የፈቃዱ ምልክትና የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ በዕቃው ላይ አለ ወይ?

ሰ) ዕቃው ባይስማማ ሻጩ በስንት ቀን ይመልሰዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለባለ ሱቁም ነው። የማጉያ ጥቅም የሚታወቀው በተጠቀሙበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ አብርቶ ማሳየት ምንም አያስረዳም። ደንበኛውን «ከመኪናህ ውጭ ስንት ዲቢኤም ታገኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱ የማይስማማ ሲሆን «ይህ ላንተ አይጠቅምህም» የሚል ባለ ሱቅ፥ የዚያን ቀን አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ደንበኛው ግን በሌላ ቀን ሌላ ዕቃ ሲፈልግ የሚመለሰው ወደ እርሱ ነው።